አንድ ጊዜ የተፈተሸ ሻንጣ

ባለፈው እሑድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ተነሥተን በእግራችን ወደ እንጦጦ አቀበት ወጥተን ነበር። ለሳምንት ያህል በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የዋለ ጉልበት እንዲህ ያለውን አቀበት በቀላሉ አይወደውምና፣ እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናርፍ ጀመር። በዚያው ቅጽበት የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት ከላይ ወረዱ። ሸክሙ ከርሳቸው ቁመት ይረዝማል። ከታች ቆሞ የነበረው የደን ጥበቃም ገመዱን ያዝ አድርጎ፣ «እማማ፣ ወረቀት አለዎት?» አላቸው። እርሳቸውም ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ፈትተው ሰጡት። ገልጦ አየና፣ «ይቺ የላይኛው ጥበቃ የጻፋት ናት፤ እኔ አላውቃትም» ብሎ መለሰላቸው።

«የላይኛውን የላከው ያንተው ጌታ አይደለም እንዴ ልጄ?» አሉት።

ጥበቃው መልስ አጣ። ጥቂት ቆይቶ ገመዱን ለቀቀና እርሳቸውም ወረዱ። እኛም በጊዜው ሳቅን። ዳሩ ግን ከተራራው ላይ ቁልቁል ወደ ኮተቤና ወደ ካራ የሚሄደውን አውራ ጎዳና ስንመለከት፣ ያ ሳቅ ቀስ በቀስ ከአፋችን ጠፋ። ምክንያቱም የእኒያ እናት ጥያቄ በዚያው ጎዳና ላይ አንድ የምናውቀው ሰው ከጠየቀው ጥያቄ ጋር አንድ ስለ ሆነብን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ለእኅቱ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ገዝቶ መጣ። ቦሌ ሲደርስ ፓስፖርቱን አሳይቶ ማኅተም ተመታለት፤ ከዚያም ሻንጣውንና የመኪናዋን ካርቶን ለጉምሩክ ሠራተኞች ከፍቶ አሳየ፤ የሚከፈለውን ቀረጥ ከፈለ፤ ደረሰኝም ተቀበለ። እናቱ ደሴ ነበሩና ወደ ከተማ ሳይወጣ በዚያው ዕለት በአገር ውስጥ በረራ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ። በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርትህን አሳይ ያለው የለም፤ ቀረጥ ክፈል ያለውም የለም። ትክክል ነው። የድንበሩ ሥራ ቦሌ ላይ ተፈጽሟልና።

እኅቱ ግን ደሴ አልቀረችም። ኮተቤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የተማሪዎችን ዩኒፎርም ለመስፋት አሰበች፤ ከሰፈሩ ወላጆችም ጋር ተነጋግራ ቀብድ ተቀበለች። በነሐሴ ወር መጨረሻ ወንድሟ መኪናዋን ከነካርቶኗ በአውቶቡስ አስጭኖ፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ላምበረት መናኸሪያ ጉዞ ጀመሩ። በመንገድ ላይ ካሉት ኬላዎች በአንዱ፣ ስሙን አንጠራውም፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲወርድ ታዘዘ። ካርቶኗ ተገኘች። «ከየት የመጣ ዕቃ ነው?» ተባለ። ሰውየው ደረሰኙን አወጣ። ተመልካቹም ወረቀቱን ፊትና ጀርባውን አገላብጦ፣ «ይህ የሌላ ቦታ ወረቀት ነው፤ እኛ ዘንድ አልተመዘገበም» አለ። አውቶቡሱ ሄደ፤ መኪናዋ ቀረች። ደብዳቤ ተጻፈ፤ የደብዳቤው መልስ ተጠበቀ፤ መልሱን የሚፈርመው ሰው በፈቃድ ላይ ነበር። መኪናዋ የተለቀቀችው በ16ኛው ቀን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ልጆቹ በሌላ ሰው እጅ የተሰፋ ዩኒፎርም ለብሰው ነበር። እኅቲቱም ቀብዱን ለወላጆቹ አንድ በአንድ መለሰች።

ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ጉቦ አልጠየቀም። ይህን የምንለው ለፍርድ እንዲመች ነው። ጥፋት ቢኖር ኖሮ አቤቱታ ይቀርብበት ነበር። የተፈጸመው ግን ከዚህ የሚረቅ ነገር ነው፦ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሌላውን የመንግሥት ሠራተኛ ማኅተም አላምንም አለ።

አንባቢዎቻችን እንዲፈርዱ ነገሩን ራቅ አድርገን በባሕር ላይ እንመልከተው። የመንገደኛው ጉዞ በእርግጥ የመርከብ ጉዞን ይመስላልና። መጀመሪያ ከውጭ መጥቶ አንድ በር ነካ፤ ከዚያ በአገሩ ውስጥ ወደ ሁለተኛ ማረፊያ፣ ቀጥሎም ወደ ሦስተኛ ሄደ። ለሽርሽር የሚጓዙ ታላላቅ መርከቦችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከውጭ አገር የመጣ መርከብ የአንድ አገር የመጀመሪያ ወደብ ላይ ሲደርስ፣ ካፒቴኑ የመንገደኞችንና የዕቃውን ዝርዝር ያቀርባል፤ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሹማምንት መንገደኛውን ይመረምራሉ፤ በመርከቡ ውስጥ ያለ ቀረጥ የሚሸጠው መጠጥና ሲጋራም ወደብ ላይ በቆመበት ጊዜ ተዘግቶ ይታሸጋል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ መርከቡ ወደዚያው አገር ሁለተኛና ሦስተኛ ወደብ ሲያልፍ፣ መንገደኛው የመርከቡን ካርድ አሳይቶ ይወርዳል፤ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ወደብ የመጀመሪያውን ወደብ ማኅተም ያምናል። በመካከል ሌላ አገር ከተነካ ግን ነገሩ እንደገና ከሥር ይጀመራል።

ለምሳሌ በአሜሪካ በ1878 ዓ.ም. የወጣ አንድ ሕግ አለ። ይህ ሕግ በባዕድ ሰንደቅ ዓላማ የሚሄድ መርከብ ሰዎችን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው የአሜሪካ ወደብ ብቻ እንዳያመላልስ ይከለክላል። በዚህም ምክንያት ከሲያትል ተነሥተው ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች፣ ጁኖንና ኬቺካንን የመሳሰሉትን የአሜሪካ ወደቦች ከጎበኙ በኋላ፣ ሲመለሱ ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ቢሆን በካናዳዋ ቪክቶሪያ ይቆማሉ። ያቺ የጥቂት ሰዓት ማረፊያ መላውን ጉዞ የውጭ አገር ጉዞ ታደርገዋለችና፣ መንገደኛው ሲያትል ሲመለስ ከውጭ እንደ መጣ ሰው ይመረመራል። በወረርሽኙ ዘመን ካናዳ ወደቦችዋን በዘጋች ጊዜ የአላስካ ከተሞች ገበያ ሊደርቅ ደረሰ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ለጊዜው ሕጉን የሚያላላ ሌላ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት። በአንጻሩ በሃዋይ ደሴቶች መካከል የሚዞረው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» የተባለው መርከብ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ስለሚያውለበልብ፣ ከደሴት ወደ ደሴት ሲሄድ መንገደኞቹ የፓስፖርት ወረፋ አያውቁም። ደሴቶቹ በውቅያኖስ የተከበቡ ቢሆኑም መንገዱ የአገር ውስጥ መንገድ ነው። ከውኃው ስፋት ይልቅ የሕጉ አንድነት ያስተዳድረዋል።

«ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለችበት ከ1945 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ምጽዋና አሰብ በአንድ መንግሥት ሥር ያሉ ሁለት ወደቦች ነበሩ፤ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅትም ዋና መናገሻው በእነርሱ ነበር። ከስዊዝ የመጣ መርከብ ምጽዋን ነክቶ ወደ አሰብ ሲወርድ፣ ያ ሁለተኛው ጉዞ ከአገር ወደ አገር የሚደረግ ጉዞ አልነበረም። የአየር መንገዳችን ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ መንገድ ላይ ያረፈው አሥመራ ነበር። በዚያ ጊዜ አሥመራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ስለ ነበረች ማረፊያዪቱ የውጭ ማረፊያ ነበረች። ከ1945 ዓ.ም. በኋላ ያችው ሜዳ የአገር ውስጥ ማረፊያ ሆነች። ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ተመልሳ የውጭ ሆነች። ሜዳው አልተንቀሳቀሰም፤ ድንበሩ ግን በላዩ ላይ ሄደ፤ መጣ። ስለዚህ አንድ መንገደኛ የት ላይ ፓስፖርት ማሳየት እንዳለበት የሚወስነው የሚያርፍበት መሬት ርቀት ሳይሆን፣ መንግሥት በዚያ ቀን በሩን የተከለበት ስፍራ ነው ማለት ነው።

ዛሬ የእኛ የመጀመሪያ ወደቦች ቦሌ፣ ደወሌ፣ ጋላፊ፣ ሞያሌ፣ መተማና ቶጎ ውጫሌ ናቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ወደቦቻችን ደግሞ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱምና ኮምቦልቻ ናቸው። ለዕቃም እንዲሁ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ ኮንቴይነር ታሽጎ ጋላፊንና ሚሌን አልፎ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም እስከ ሌላው ደረቅ ወደብ ይጓዛል፤ የሚከፈተውም እዚያ ነው። በመንገድ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ሥራው ሽጉ እንዳልተነካ ማየት ብቻ ነው። መክፈት የእርሱ ድርሻ አይደለም። ይህ አሠራር በመላው ዓለም የታወቀ ስለ ሆነ አዲስ ጥበብ አላመጣንም። ችግሩ የሚመጣው ለኮንቴይነር የምንሰጠውን እምነት ለአንዲት ካርቶን ስንነፍጋት ነው።

ከዚህ ላይ በተለይ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር ልናስታውስ እንወዳለን። በመንገድ ላይ መንገደኛን ማስቆም አንድ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሥራ ነው። የኢሚግሬሽን ሠራተኛ «አንተ ማን ነህ? ለመግባትስ መብት አለህን?» ብሎ ይጠይቃል። የጉምሩክ ሠራተኛ «የያዝኸው ዕቃ ምንድን ነው? ቀረጡስ ተከፍሏልን?» ይላል። የጸጥታ ሰው ደግሞ «ሰውን የሚጐዳ ነገር ይዘሃልን?» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ጊዜ፣ በበሩ ላይ፣ ከተመለሱ በቂ ናቸው፤ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ አገሩ አይገባምና፣ ካልወጣ በቀር። ሦስተኛው ጥያቄ ግን በየአውሮፕላኑና በየአውቶቡሱ ሊደጋገም ይችላል፤ ጠመንጃ ከደሴ በኋላም ሊጫን ይችላልና። ስለዚህ ወደ ጎንደር የሚበር ሰው ቦሌ ላይ ጫማውን አውልቆ ቢፈተሽ አያጉረምርም። የሚያጉረመርመው ለጠመንጃ የቆመው ሰው ስለ ቀረጥ ሲጠይቀው ነው። የስፌት መኪናዋን ያስቀራት ይህ የሦስቱ ጥያቄዎች መደባለቅ ነው።

አሮጌውን ዘመን ለሚያውቁ ሽማግሌዎች ይህ ሁሉ የቆየ ነገር ነው። ጉምሩክ የሚለው ቃል ራሱ ከቱርክ የመጣ ሲሆን፣ ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1549 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ ቃሉ በየትኛው በር እንደ ገባ ለመገመት አያስቸግርም። በመሳፍንት ዘመንና ከዚያም በኋላ ነጋዴው ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መካከለኛው አገር እስኪደርስ ድረስ በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው በር በተተከለ ኬላ እየከፈለ ይመጣ ነበር። ያንዱ አገረ ገዥ ኬላ የሌላውን አያውቅም ነበር፤ ሊያውቅም አይገባውም ነበር፤ ጌታቸው ለየብቻ ነበርና። በሥልጣን ላይ ያለው ነጋድራስም የነጋዴዎች አለቃ፣ ዳኛና ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ ይሠራ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቈር፣ ቅራሪ ሙጫ፣ ቡና፣ ማርና የዝሆን ጥርስ የጫነው ቅፍለት ይህን ሁሉ በር አልፎ የመጣ ቅፍለት ነበር።

የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን አዲስ ዓይነት ጥያቄ ይዞ መጣ። ባቡር እንደ በቅሎ በየኬላው አይቆምም። አንድ ጊዜ ተቆጥሮ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ፣ ተዘግቶ መሄድ አለበት። በዚሁ ጊዜ ገደማ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ የሆኑት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ስለ ንግድና ስለ አገር ሀብት እንዲያ ጠልቆ የጻፈ ሰው ከዳመናና ከኮከብ ሳይሆን ከጉምሩክ ወንበር መነሣቱን ስናስብ፣ እኛ እንደ ድንገት አንቆጥረውም። በጉምሩክ በር ላይ የተቀመጠ ሰው አገሩ ምን እንደምትሸጥና ምን እንደምትገዛ በየቀኑ ያያል፤ ለማየት ከፈለገ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በጉምሩክ ወይም በኢሚግሬሽን የምትመደቡ ወጣቶች ይህን ወንበር አትናቁት።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ቃል እንምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት አንብቦ፣ «እናንተ በወረቀት ትናገራላችሁ፤ እኛ በመንገድ ላይ ኮንትሮባንድ እንይዛለን። ደረሰኝ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ባንድ ደረሰኝ አሥር መኪና ሊመላለስ ይችላል» ብሎናል። እውነት ነው፤ ይቻላል። የደረሰኝን ሐሰተኛነት ለማወቅ ግን ከደረሰኙ ባለቤት ጋር መጨቃጨቅ አይጠቅምም፤ ደረሰኙን የሰጠውን ጠይቆ ወዲያው መልስ ማግኘት ነው የሚያሻው። የጉምሩክ መሥሪያ ቤታችን ዕቃን እንደ ሥጋቱ መጠን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ መስመር ለይቶ የሚመረምርበት አሠራር አለው፤ ከጅቡቲ የሚመጡትን ጭነቶች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይከታተላል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ፈቃዳቸውን በአንድ መስኮት የሚሰጡበት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሥራ ጀምሯል። ይህ ሁሉ የተደከመበት ነገር ካርቶን ይዞ በአውቶቡስ ለሚሄደው ሰው ካልደረሰ፣ መስኮቱ አንድ ሆኖ በሩ አሥር ቀረ ማለት ነው። የቦሌ ደረሰኝ ቁጥር ኬላው ላይ በስልክ ወይም በመሣሪያ ቢታይ ኖሮ፣ ያቺ መኪና 16 ቀን ሳይሆን 16 ደቂቃ በቆየች ነበር። ሐሰተኛውም ደረሰኝ በዚያው 16 ደቂቃ ውስጥ በተያዘ ነበር። ስለዚህ የባልደረባችን ክርክር የእኛኑ ሐሳብ ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ እርሱ ግን እስካሁን በዚህ አልተስማማም።

መንገደኛውም ነቀፌታ የለበትም አንልም። ብዙዎቻችን ደረሰኝን ከበሩ እንደ ወጣን ጥለን እንሄዳለን፤ ወይም ዕቃውን በጓደኛ ስም እናስገባና ወረቀቱ ከባለ ዕቃው ስም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ይህን ትንሽ ነገር ይዘህልኝ ግባ» ሲለን እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይዞን ያልቀረጥነውን እንይዛለን። በአውሮጳ በ1977 ዓ.ም. የሼንገንን ስምምነት የፈረሙት አገሮች በመካከላቸው ያለውን የፓስፖርት ፍተሻ ያነሡት፣ የውጭውን በር በጋራ ለመጠበቅ ተማምነው ነው። ከውጭው በር ላይ የሚያጭበረብር ሰው የውስጡን መንገድ ለጎረቤቱም ያዘጋበታል። ይህን ለተማሪዎች ስንናገር ልባችን ሙሉ አይደለም፤ እኛም ራሳችን በተማሪነታችን ዘመን አንድ ራዲዮ በካፖርት ሥር ይዘን ያለፍንበት ቀን አለና። ለማንኛውም ራዲዮኑ ብዙ ሳይቆይ ተበላሸ።

በዚያው እሑድ ከእንጦጦ ስንወርድ መንገዳችንን በኮተቤ በኩል አድርገን እኅቲቱን ጎበኘናት። ክፍሏ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብላ የምትገኝ፣ በአንድ መስኮት ብርሃን የምታገኝ ናት። የዩኒፎርሙ ዘመን ካመለጣት በኋላ ነጠላ ጥለትና የአልጋ ልብስ እየሰፋች ቆይታ፣ በተከታዩ ዓመት ከወላጆቹ እኩሌቶቹ ተመልሰውላታል። እኩሌቶቹ ግን ወደ ሌላዋ ሰፊ ለምደው ቀርተዋል። መኪናዋ ስትሠራ ድምፅዋ ከመንገዱ መኪና ጩኸት በላይ ይሰማል። «ያ ደረሰኝ አሁንም አለ?» ብለን ጠየቅናት። መሳቢያዋን ስባ ከመርፌውና ከክሩ መካከል አወጣችው። በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሏል፤ እጥፋቱ ላይ ጽሑፉ ሊጠፋ ደርሷል። «ቤት ልቀይር ነው፤» አለችን፣ «ወደ ካራ ማዶ። ከኬላው ወዲያ ነውና ለማንኛውም ብዬ ነው የያዝሁት።»